ባዶ እግራቸውን ወደ መንበሩ የወጡት አባት

በዚህ የዐሥረኛ ዓመት መጽሔት ላይ ለራሱ ሳይኖር ስላለፈ አንድ ኢትዮጵያዊ ጻፉ ስንባል፣ ሰው ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርንም። በካልጋሪ ክረምት ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን በሁለት ካልሲና በወፍራም ቡት ሆነን የታክሲውን መስታወት በረዶ ስንፍቅ ትዝ የሚሉን አባት አሉ። እሳቸው ጫማ አያደርጉም ነበር። በእርግጥ አዲስ አበባ ካልጋሪ አይደለችም፤ ቢሆንም የነሐሴን ጭቃና ብርድ የምታውቁ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

እኒህ አባት ሦስተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በ1910 ዓ.ም. በበጌምድር የተወለዱ ሲሆን የቀድሞ ስማቸው መላኩ ወልደ ሚካኤል ነበር። ሕይወታቸውን የሰጡት ግን ለተወለዱበት አገር ሳይሆን ለወላይታ ነው። እዚያ አባ መላኩ እየተባሉ፣ በምናኔ እየኖሩና የገጠሩን ድሃ እያገለገሉ ብዙ ዓመት አሳለፉ። ሰውን በወንዙና በአውራጃው ለምንቆጥረው ለእኛ ይህ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ ግን ወደ ሌላው እንለፍ።

እንደሚታወቀው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ሦስት ጳጳሳትን መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሾሙ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በዚያው ዓመት አዲስ ፓትርያርክ እንዲመረጥ ተደረገና ዕጣው ለባሕታዊው አባ መላኩ ደረሰ። ደርግ ደስ ብሎት ነበር። ከገጠር የመጣ፣ ከመሳፍንት ጋር ያልዋለ፣ የቤተ መንግሥቱን ነገር የማያውቅ መነኩሴ የታዘዘውን ይፈጽማል ብሎ አስቦ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባንም። መንበሩ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም በሕይወት በእስር ቤት ነበሩ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ምክንያት ሹመቱን አልተቀበለችም። ዩኒቨርሲቲ በነበርን ጊዜ በዶርም እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከርንበት ጉዳይ ይህ ነው። ጫማን እንቢ ያለ ሰው መንበሩን ለምን እንቢ አላለም? እኛ ያን ጊዜ እንቢ ማለት ነበረባቸው ከሚሉት ወገን ነበርን፤ ድምፃችንም ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ነገሩ ኋላም ተደግሞ አይተነዋል። አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ወደ ስደት ሲሄዱ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፈለ። እርቁ በ2010 ዓ.ም. እስኪወርድ ድረስ በውጭ አገር ያለነው አብረን ቡና እየጠጣን ለየቤተ ክርስቲያናችን ስንለያይ ኖረናል።

ዛሬ ግን በጎልማሳነታችን ሌላ ሐሳብ መጥቶብናል። ለባሕታዊ ጾምና ባዶ እግር የለመደው ነው፤ ዘመን ያሳለፈበት ነው። ከባዱ ነገር ስምን መስጠት ነው። አባ መላኩ በወላይታ ቢቀሩ ኖሮ ማንም ሳያማቸው፣ ንጹሕ ስም ይዘው ባለፉ ነበር። ቦታው ግን ባዶ አይቀርም፤ ደርግ ያሻውን የሚፈጽምለት ሌላ ሰው አያጣም ነበር። እሳቸው ሄደው ተቀመጡበት፣ ሐሜቱንም አብረው ተሸከሙ። በማኅበራችን ለሊቀ መንበርነት ሰው ሲጠቆም ሁላችንም ጣራ ጣራውን የምናየው ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ሥራው ከብዶን ሳይሆን ስማችን እንዳይነሣ ነው። ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ማማቱን እንችልበታለን። የታክሲ ሥራችንን ሰበብ አድርገን ሁለት ጊዜ ያመለጥን እኛው ስለሆንን ይህን የምንለው በሌላ ሰው ላይ አይደለም።

ደርግ የጠበቀውን አላገኘም። አዲሱ ፓትርያርክ መንበሩን ያዙ እንጂ መንበሩ እሳቸውን አልያዛቸውም። በባዶ እግራቸው መሄዳቸውን አልተዉም፣ መሬት ላይ መተኛታቸውን አልተዉም፣ የባሕታዊ ልብሳቸውንና ምግባቸውንም አልለወጡም። ድሃው ሕዝብ ይህን አይቶ ወደዳቸው። በዚያ ዘመን ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ይነዳ በነበረበት ጊዜ የአንድ መነኩሴ እግር እንዲህ መወራቱ ለመንግሥት የሚመች ነገር አልነበረም። በእሳቸውና በደርግ መካከል የነበረውም ነገር እያደር ሻከረ።

በግንቦት 1980 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰውነታቸው እጅግ ከስቶ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ከዚያ ቀደም በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር ተገድለው ነበር፤ የተቀበሩበትም ቦታ ለሕዝብ አልተነገረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ዐፅማቸው ወጥቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ዐረፈ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያን ቀን ለማየት አልደረሱም፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር።