ሉዊስ ብሬል፦ በጣቱ ያነበበው መምህር

ዛሬ ከታላላቅ ሰዎች ሕይወት መርጬ ያቀረብኩላችሁ የአንድ መምህርን ታሪክ ነው። ይህ ሰው ጦር አልመራም፣ አገርም አልገዛም። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ መጀመሪያ በተማሪነት ኋላም በመምህርነት ነው። ሆኖም ሥራው ከፓሪስ ተነሥቶ እኛው ሻሸመኔ ድረስ ደርሷል። ስሙም ሉዊስ ብሬል ይባላል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ይህን ከዚህ ቀንሱ፣ ያንን ወደዚያ አሻግሩ እያሉ ያስተምሩን ነበር። እኛ እናያለን፤ እሱ ግን ይህ የተባለው ምን እንደሆነ፣ ያ የተባለውም የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ? እኔም አንዳንዴ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ይሰለቸኝና እተወዋለሁ። የፈተና ቀን የሚያነብለት ሰው እስኪገኝ ግማሹ ሰዓት ያልቅበት ነበር። በመጨረሻ ውጤቱ ሲያንስ ልጁ ሰነፍ ነው ተባለ። እውነቱን ልናገርና እኔም አምኜ ነበር። ነገሩ የገባኝ አሁን መምህር ልሆን ስሠለጥን፣ የብሬልንም ታሪክ ሳነብ ነው።

ሉዊስ ብሬል ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ ብዙም በማትርቅ ኩቭሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሰፊ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ለጋሪ ፈረስ ልጓም የሚሰፋ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው የዚያን ቤት ሁኔታ መገመት አያቅተውም፦ ቆዳ፣ ቢላዋ፣ ክርና ወስፌ። ሉዊስ 3 ዓመት ሲሆነው በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ በሽታው ወደ ሌላውም ዓይኑ ተሻገረ። 5 ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ።

በዚያን ዘመን ዓይኑ የጠፋ የድሃ ልጅ ዕጣው ብዙውን ጊዜ ልመና ነበር። የሉዊስ ወላጆች ግን እንደዚያ አላደረጉም። አባቱ በእንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደሎችን ቅርጽ በእጁ እንዲዳስስ ያደርገው እንደነበር ይነገራል። የመንደሩ ቄስ አስተማሩት፤ የመንደሩ መምህርም ከዓይናማ ልጆች ጋር ክፍል አስገብተው በጆሮው እየሰማ እንዲማር አደረጉ። ልብ በሉ! እነዚህን ሰዎች ያስገደዳቸው ሕግ አልነበረም። ልዩ መሣሪያም አልነበራቸውም። በሩን ከፈቱለት፣ ልጁም ገባ፤ ገብቶም ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ሆነ።

በ1819 ሉዊስ በ10 ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከ። ይህ ትምህርት ቤት በ1785 በቫለንታን አዊ የተቋቋመ ነው። አዊ ዓይነ ስውራን ማንበብ ይችላሉ ብሎ የተነሣ ደግ ሰው ነበር። የሠራውም የተለመደውን የላቲን ፊደል በወረቀት ላይ ጎላ አድርጎ ማተም ነው። ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ ያነባሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ መጽሐፉ ይከብዳል፣ ብዙ ቅጂም አይገኝም። አንዱን ፊደል ዳስሶ እስኪለዩ የቀደመው ይረሳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልጆቹ በዚህ መንገድ እንደልብ መጻፍ አለመቻላቸው ነው። ያነባሉ እንጂ ማስታወሻ አይዙም፣ ለእናታቸው ደብዳቤ አይልኩም። ታዲያ ለምን ይህ መንገድ ተመረጠ ቢባል፣ ለዓይናማው መምህር ስለሚመቸው ነው። መምህሩ ባየው ጊዜ ፊደሉ የሚያውቀው ፊደል ነው። የተሠራው ለጣት ቢሆንም የተመዘነው በዓይን ነበር። የታሪኩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን ወደ ትምህርት ቤቱ አንድ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ይኸውም በወረቀት ላይ ጎላ ባሉ ነጥቦች የሚጻፍ ጽሕፈት ነው። አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ድረስ ይይዛል፤ የሚወክለውም ድምፅን እንጂ ፊደልን አይደለም። ልጆቹ ወደዱት፤ ለምን ቢባል ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት ይቀላል። ይሁን እንጂ 12 ነጥብ በአንድ ዳሰሳ ጣት ሥር አይገባም። ሥርዓተ ነጥብና ቁጥርም አልነበረውም።

ሉዊስ ያኔ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ማታ ማታና ለዕረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሲሄድ ነጥቦቹን እየበሳ ሲፈትን ከረመ። በ1824 ማለትም በ15 ዓመቱ 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው። ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ የሚቀመጡት ስድስቱ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ከጣት ጫፍ ሥር ይገባሉ። ከእነዚህ 6 ነጥቦች 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለፊደል፣ ለቁጥር፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለሙዚቃ ኖታ ይበቃሉ። ወረቀቱ የሚበሳውም ወስፌ በመሰለ ሹል መሣሪያ ነው። ዓይኑን ያጠፋበት ዓይነት ዕቃ ለንባብ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ሥራውን በመጽሐፍ ያሳተመው በ1829 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ 63 ምልክት እንዴት ይበቃዋል? የአማርኛው ብሬል መልስ ቀላል ነው። ፊደሉን በሁለት ከፍሎ ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል። ለምሳሌ ሙ የሚለው የም ምልክትና የኡ ምልክት ተከታትለው ይጻፋል። ስለዚህ 231 ምልክት ማጥናት አያስፈልግም።

ሉዊስ በ1828 በዚያው በተማረበት ትምህርት ቤት ረዳት መምህር፣ በ1833 ደግሞ ሙሉ መምህር ሆነ። ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ሙዚቃ አስተማረ። በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር። አንድ ሌላ ነገርም አደረገ። ዓይናሞች የነጥቡን ጽሕፈት እንደማያነቡ ስላወቀ፣ ዓይነ ስውር ሰው የተለመደውን የላቲን ፊደል ቅርጽ በነጥብ እየሠራ ለዓይናማ የሚጽፍበትን ዘዴ በ1839 አሳተመ። የእኔን ጽሕፈት ካላወቃችሁ ብሎ አልተቀመጠም፤ በበኩሉም ድልድይ ሠራ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ክፉ ጊዜ መጣ። በ1840 ሉዊስን ይደግፉ የነበሩት ዳይሬክተር ከሥራ ተነሡና ዱፎ የተባሉት ተተኩ። አዲሱ ዳይሬክተር ዓይነ ስውራን ከዓይናሞች የተለየ ጽሕፈት ሊኖራቸው አይገባም በማለት የነጥቡን ጽሕፈት ከለከሉ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ልጆቹ ክልከላውን ሰምተው ዝም አላሉም። ያገኙትን ሹል ነገር ሁሉ እየያዙ ተደብቀው ይጽፉ፣ ታላላቆቹም ታናናሾቹን ያስተምሩ ነበር። የጽሕፈቱን ጥቅም የሚያውቀው ጣታቸው ነውና ማን ያስተዋቸው?

የዳይሬክተሩ ምክትል የነበሩት ጋዴ ነገሩን በቅርብ አይተው አለቃቸውን አሳመኑ። በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ በሕዝብ ፊት የነጥቡ ጽሕፈት ተፈተነ። አንዱ ልጅ የተነበበለትን ጻፈ፤ ሲነበብ ያልሰማ ሌላ ልጅ ዳስሶ አነበበው። ክልከላውም በዚሁ ቀረ።

ሉዊስ ግን ገና በወጣትነቱ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ሳይከፈት እንዲቃጠል የተናዘዘው አንድ ሣጥን ሲከፈት፣ ተማሪዎቹ ገንዘብ ሲበደሩት የፈረሙበት ወረቀት ተገኘበት ይባላል። ዕዳቸውን ሁሉ ምሯቸው ነበር። ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ጽሕፈቱ በፈረንሳይ በይፋ ተቀባይነት አገኘ። በ1952 አስከሬኑ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ። እጆቹ ግን በትውልድ መንደሩ ቀሩ።

እንግዲህ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል? በአገራችን የሰበታና የሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ልጆች ብሬል የሚማሩባቸው ናቸው። ከእነሱና እነሱን ከመሰሉት የሚወጡ ተማሪዎች ነገ ኮሌጅ ይገባሉ፤ በእኛም ክፍል ይቀመጣሉ። ዛሬ ነገሩ እንደ ኩቭሬ መንደር ለመምህሩ ደግነት ብቻ የተተወ አይደለም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ማመቻቸት ግዴታ ነው ይላል፤ ብሬልና የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን፣ አካል ጉዳተኛ መምህራንም ጭምር እንዲቀጠሩ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጎ ነበር።

ሕጉ ቢኖርም ክፍል ውስጥ የምንቆመው እኛ ነን። ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ድምፃችንን አሰምተን ብናነብ፣ ጽሑፉን ቀደም ብለን ብንሰጥ፣ ለፈተናው አንባቢ ከቀኑ በፊት ብናዘጋጅ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀመውን ተማሪ ክፍል ወደ ምድር ቤት ብናወርድ ምን ይጎድልብናል? ለሚያነበብለት ሰው የሚጨመረው ሰዓት ማርክ መጨመር አይደለም። ጥያቄው ያው ነው፤ የሚታረመውም በዚያው ሚዛን ነው።

ኃላፊነቱ ግን የመምህሩ ብቻ አይደለም። ተማሪውም የሚያስፈልገውን ነገር በትምህርቱ መጀመሪያ ቀርቦ መናገር፣ መሣሪያውን ተለማምዶ መገኘት፣ የቤት ሥራውን እንደ ማንም ሠርቶ ማስረከብ አለበት። ብሬልም መብቱን ያስከበረው ሌሊት እየበሳ፣ ቀን እያስተማረ ነው። አጠገቡ የምንቀመጠው ጓደኞቹ ደግሞ ሲሰለቸን የምንተወው ሳይሆን ቃል ገብተን በሰዓቱ የምናነብለት መሆን አለብን።

አባቶች ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። የፓሪሱ ትምህርት ቤት ዓይናሞች በዓይናቸው መዝነው ከለከሉ፤ ልጆቹ በጣታቸው መዝነው አዳኑት። እኛም ነገ አንድ ተማሪ ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት ትምህርቱ በየት በኩል እንደሚደርሰው ልጁን ራሱን እንጠይቅ። እኔ ያን ጓደኛዬን ሳልጠይቀው ነው የተለያየነው።