ለየአንዳንዱ አንዲት በር
የፓስተር ፍሬድሪክ ፎን ቦደልሽቪንግ ሕይወት

ማደሪያ ያጣ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ሰጥተን እንሸኘዋለን፤ ማታ ወዴት እንደሚያድር ግን አንጠይቅም። ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ስላልቻሉ አንድ የወንጌል አገልጋይ ልናወራ እንወዳለን።

ፍሬድሪክ ፎን ቦደልሽቪንግ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቴክሌንቡርግ ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። በ1858 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደው መንገድ በመጥረግ የሚኖሩትን ድኾች የአገራቸውን ሰዎች አገለገሉ። ተመልሰውም በዴልቪግ ቄስ ሆነው ሳሉ፣ በ1869 ዓ.ም. በጥር ወር አራቱ ልጆቻቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ በበሽታ ሞቱባቸው። ቤታቸው ባዶ ቀረ፤ ልባቸው ግን ለሌላው ሰው ሐዘን ተከፈተ።

በ1872 ዓ.ም. በቢሌፌልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው የሚኖሩበትን ቤት ተረከቡ። ይህም ስፍራ ቤቴል፣ ማለት የእግዚአብሔር ቤት፣ ተባለ። በዚያ ዘመን ንግድና ፋብሪካ ስለ ተዳከመ ብዙ ሥራ ያጡ ሰዎች ከመንደር ወደ መንደር ይንከራተቱ ነበር። ስለ እነርሱ በ1882 ዓ.ም. ቪልሄልምስዶርፍ የተባለውን የሥራ መንደር አቆሙ። ወደዚያ የመጣው ሰው ጠፍ መሬት እያቀና ከባልንጀሮቹ ጋራ በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር። ምጽዋት የአንድ ቀን ራብ ያስታግሣል፤ ሥራና ማኅበር ግን የወደቀውን ያነሣል ብለው ያምኑ ነበርና። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞች ገንዘብ እያጠራቀሙ የራሳቸውን ቤት እንዲያገኙ የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ።

በበርሊን ግን ቤት የሌላቸው ሰዎች በታላላቅ አዳራሾች ተፋፍገው ያድሩ ነበር። ይህን ባዩ ጊዜ፣ በ1905 ዓ.ም.፣ በ74 ዓመታቸው፣ በበርናው ከተማ አጠገብ የተስፋ ሸለቆ የተባለውን መንደር ጀመሩ። በዚያም ለየአንዳንዱ ሰው ትንሽ ክፍል እንዲሰጠው አጥብቀው ፈለጉ። ክፍሊቱ ጠባብ ናት፤ ነገር ግን በሯን ዘግቶ የሚጸልይባትና የሚያለቅስባት የራሱ ናት። ሲነጋም ከወንድሞቹ ጋራ ወደ ሥራ ይወጣል።

ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሩስያ ምክር ቤት አባል ሆነው ስለ ተንከራታቾቹ ተከራከሩ፤ በ1907 ዓ.ም. ሥራና ማረፊያ የሚያገኙበት ሕግ ወጣ። ነገሩን ለየአውራጃው ፈቃድ ስለ ተወው ግን ድካማቸው ሁሉ ፍሬ አላገኘም። በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለድኻው ጣራ ብቻ ሰጥተን ብቻውን ብንተወው፣ ወይም ከብዙዎች ጋራ አጉረን ስሙን ብንረሳ፣ ሥራችን ጎዶሎ ነው። የሚዘጋት በርና የሚጠብቀው ማዕድ፣ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ዛሬ ማታ በደጃችን የሚያልፈውን አስቀድመን በስሙ እንጥራው።