የስንዱ ገብሩ መድረክ

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሲነሱ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውን ነው። የሕግ ሰው ነኝና ይህን አላቃልልም። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በፊት የሠሩት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 የተወለዱት ስንዱ በስዊዘርላንድ ተምረው በ1933 ተመለሱ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ከጥቁር አንበሶች ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ። በዚያም ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን አስጫወቱ። የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ ይወከል በነበረበት ዘመን ልጃገረዶች መድረክ ላይ ቆመው ተናገሩ ማለት ነው። ሥራዎቻቸው «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ርዕስ ታትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 አረፉ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም የምትገኝበት ጋይንት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የጦር አውድማ ነበረች። 16 የነፋስ መውጫ ሴቶች በሕወሓት ታጣቂዎች መደፈራቸውን ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ተናግረዋል። ፍርድ ቤት ተበዳይዋን የሚጠይቃት ስለ ድርጊቱና ስለ አድራጊው ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ስላጣችባቸው ሌሊቶች ማን ይጠይቃታል?

ሐዘኑን በሙሾ፣ ደስታውን በእስክስታ ለሚያወጣ ሕዝብ ሕመምን በድምፅና በአካል መግለጽ እንግዳ አይደለም። ተውኔት ሐኪምንም ዳኛንም አይተካም። ሆኖም ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ስማቸውም ሳይገለጥ፣ የደረሰባቸውን የሚያሰሙበት መድረክ ለእነዚህ ሴቶች ይገባቸዋል። ስንዱ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጀምረውታል፤ የእኛ ዘመን ቴአትር ቤቶች ምን ያግዳቸዋል?