ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና የኮሪያ ሜዳይ

በአሰላም ሆነ በበቆጂ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በሚገኝ በማናቸውም ቤት፣ አንድ ተማሪ የአያቱን ሣጥን ከፍቶ ሰማያዊና ነጭ መስመር ባለው ጥብጣብ የተንጠለጠለ ነሐስ መሳይ ሜዳይ ቢያገኝ፣ የሕፃናት መጫወቻ እንዳያደርገው አደራ እንላለን። በፊቱ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ፣ በጀርባው የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት የኮሪያ ዘመቻ ሜዳይ ነው። የጥብጣቡን መስመር ቢቆጥር ዘጠኝ ሰማያዊና ስምንት ነጭ ያገኛል። የእንግሊዝና የካናዳ ወታደር ስሙ በሜዳዩ ጠርዝ ላይ ሲቀረጽለት በአማርኛው ላይ ግን ስም የመቅረጽ ልማድ ስላልነበረ፣ ፎቶግራፉና የምስክር ወረቀቱ አብሮ ካልተቀመጠ ባለቤቱን መለየት ያስቸግራል። የእስያን ዘመቻ ሜዳዮች የሚሰበስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ይህን ሜዳይ ያነሣ ሰው ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም። ጄኔራል ሙሉጌታ በ1927 ዓ.ም. በተከፈተው በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከሠለጠኑት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በፋሽስት ወረራ ጊዜ በስደት ቆይተው፣ ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ በመሆን ከ10 ዓመት በላይ አገለገሉ። ክብር ዘበኛ የቤተ መንግሥት በር ጠባቂ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በስዊድን መኮንኖች ጭምር የሠለጠነ ዘመናዊ ጦር የሆነው በእርሳቸው ዘመን ነው።

የድካማቸው ፍሬ በኮሪያ ታየ። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ በራስ መኮንን ፈረስ ስም ቃኘው የተባለው ሻለቃ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። በግንባር የዘመቻው መሪ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። እኛ ግን ዘማቹን የሚያመሰግን ሰው፣ አገር ቤት ሆኖ ያሠለጠነውንም ቢያመሰግን ተገቢ ነው እንላለን።

ጄኔራሉ ከዚያ በኋላ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ሆኑ፤ ቀጥሎም የሕዝባዊ ኑሮ ዕድገት ሚኒስትር ተደረጉ። ነገሩ ሹመት ይባል እንጂ፣ እንደ እኛ አስተያየት፣ ከሚወዳቸው ወታደር መራቅ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በእርሳቸው እግር የተተኩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ፣ የሙሉጌታን ስም እንደገና ኤታማዦር ሹም ብለው በራዲዮ አስነገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች ጋር በጥይት ተገደሉ። መሣሪያውም እርሳቸው ያሳደጉት የክብር ዘበኛ መሣሪያ ነበር።