የሜሪ አኒንግ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ክረምት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንጓዝ መኪናችን በዓባይ ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ቆሞ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ እረኛ ልጅ የዛጎል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ አሳየኝና በጥቂት ብር ገዛሁት። ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ድንጋዩን ለሳይንስ መምህራችን አሳየኋቸው። እርሳቸውም የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር በታች የተነጠፈ መሆኑን ካስረዱኝ በኋላ፣ ያገኘው ልጅ ስሙ ማን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔ ግን ስሙን አልጠየቅሁትም ነበርና መልስ አጣሁ። መምህራችን አልተቈጡኝም፤ ነገር ግን የሜሪ አኒንግን ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። እነሆ፣ ያነበብሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሜሪ አኒንግ በ1799 በደቡብ እንግሊዝ አገር፣ ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። አባቷ ሪቻርድ አናጢ ነበር። ኑሮው ስላልበቃው ከባሕሩ ዳር ገደል ቅሪተ አካል እየለቀመ ለመንገደኞች ይሸጥ ነበር፤ ልጆቹንም ይህንኑ ሥራ አስተማራቸው። በ1810 አባቷ ዕዳ ትቶ ሞተ። ሜሪ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።

የላይም ሪጂስ ገደል የኖራ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደራረበበት ሲሆን ዕድሜው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በብርዱ ወራት ዝናብና ማዕበል ገደሉን ሲንዱት አዲስ አጥንት ይገለጣል፤ ቶሎ ያልተነሣውንም ባሕሩ ይወስደዋል። ስለዚህ ሜሪ የምትሠራው አደጋው በሚበዛበት ወራት ነበር። በ1833 ገደሉ ተንዶ አጠገቧ የነበረውን ውሻዋን ገደለው፤ እርሷም ለጥቂት ተረፈች።

በ1811 ወንድሟ ጆሴፍ የአንድ ትልቅ አውሬ ራስ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ሜሪ የቀረውን አካል ፈልጋ አገኘችና በ23 ፓውንድ ተሸጠ። ይህም ኢክትዮሳር፣ ማለትም ዓሣ መሰል እንሽላሊት የተባለው የባሕር እንስሳ ነው። በ1823 ደግሞ አንገቱ እጅግ ረጅም የሆነውን የፕሌሲዮሳርን ሙሉ አጽም አወጣች። ታላቁ የፈረንሳይ ሊቅ ኩቪዬ አጽሙ የተቀጣጠለ የሐሰት ሥራ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ ኋላ ግን እውነተኛነቱን አመነ። በ1828 የሚበርር ገበሎ መሰል እንስሳ አጥንት አገኘች። እነዚህ ሁሉ ግን ዳይኖሰሮች አይደሉም። ስኬሊዶሳውረስ የተባለው ዳይኖሰር በዚያው ባሕር ዳር የተገኘው እርሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ያሳዘነኝ ነገር የሚከተለው ነው። በ1824 ፕሌሲዮሳሩ በለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ፊት በቀረበ ጊዜ ስለ አጥንቱ ብዙ ሲነገር የእርሷ ስም አልተነሣም። ማኅበሩም ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው በ1919 ነው። ሊቃውንቱ ወደ እርሷ እየመጡ ይማሩ ነበር፤ አጥንቱንም ገዝተው ይጽፉበት ነበር። እርሷ ግን የረባ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ የሳይንስ ጽሑፎችን በእጇ እየገለበጠች ራሷን አስተማረች። በ1835 በዓመት 25 ፓውንድ ጡረታ ተሰጣት። በ1847 በጡት ነቀርሳ በ47 ዓመቷ ሞተች። በተወለደችበት ከተማ ሐውልት የቆመላት በ2022 ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ የገዛሁትን ድንጋይ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ሰጠሁ። ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የእኔን ስም እንድጽፍ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ እኔ ግን በዓባይ ሸለቆ አንድ እረኛ ልጅ ያገኘው ብዬ ጻፍሁ። ለስሙም ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። በሚመጣው ክረምት በዚያ መንገድ ስናልፍ አባቴ መኪናውን እንዲያቆምልኝ ለምኜዋለሁ።