ሉዊ ብሬል፦ የስድስቱ ነጥቦች አባት

ፈረስ በሚወደድበት በባሌ ደጋ፣ በሮቤም ሆነ በጎባ፣ ቆዳ ቆርጦ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በዚህ እትም ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሉዊ ብሬልም የእንዲህ ያለ ባለሙያ ልጅ ነበረ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ጃንዩዋሪ 4 ቀን 1809 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ተወለደ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ የሥራ ቤት በስለታም የቆዳ መሣሪያ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላው ዓይን ተዛመተ፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነውም ብርሃኑ ፈጽሞ ጠፋ።

በዚያ ዘመን የድኻ ዓይነ ስውር ዕጣ በአብዛኛው ልመና ነበረ። ወላጆቹ ግን ልጃቸውን በቤት አልደበቁትም። የመንደሩ ቄስ አባ ፓልዊ ራሳቸው አስተማሩት፤ ቀጥሎም ከዓይናማ ልጆች ጋር በመንደሩ ትምህርት ቤት እንዲቀመጥ ሆነ። በ1819 ዓ.ም. በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ የነበሩት ጥቂት መጻሕፍት በዓይን የሚነበበው ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጎላ ብሎ የታተመባቸው ነበሩ። ተማሪው የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በጣቱ እየዳሰሰ መለየት ስለነበረበት ንባቡ እጅግ አዝጋሚ ነበረ፤ በዚሁ ዘዴ መጻፍማ የማይታሰብ ነበረ። በ1821 ዓ.ም. ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ መኮንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ሆኖም አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚይዝ በአንድ ጣት ጫፍ አይዳሰስም ነበረ። ሉዊ ሲደክምበት ቆይቶ በ1824 ዓ.ም.፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። ስድስቱ ነጥቦች 63 ምልክቶችን ይሰጣሉ፤ ለፊደል፣ ለቁጥርና ለዜማም ይበቃሉ። ዘዴውን በ1829 ዓ.ም. አሳተመው።

ኋላም በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይጫወት ነበረ። ዓይነ ስውራን ለዓይናማ ወገኖቻቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ በ1839 ዓ.ም. ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ዓይነ ስውሩ ወዳጁ ፉኮም ለዚሁ የሚሆን የመጻፊያ መኪና ሠራ።

የስድስቱ ነጥቦች ጽሑፍ ግን ተቃውሞ ገጠመው፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ትምህርት ቤት ታግዶ ነበረ። ተማሪዎቹ በድብቅ ይጻጻፉበት ነበረና አልጠፋም። ሉዊ በሳንባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ኖሮ ጃንዩዋሪ 6 ቀን 1852 ዓ.ም. በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው በ1854 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ ይህን ሳያይ ሞተ።

ዘዴው ወደ አገራችንም ደርሶ፣ በሰበታና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች ብዙዎች ተምረውበታል። ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን በብሬል ሲጻፍ ይተነተናል፤ «ሙ» ለመጻፍ የ«ም» ምልክት ይቀድማል፣ የ«ኡ» ምልክት ይከተላል።

ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ጽሑፍን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ከእርሱ ጋር በሚገናኝ መሣሪያም ላይ የብሬል ነጥቦች ከጣት በታች ብቅ ጥልቅ እያሉ ይነበባሉ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ኮምፒውተር ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ናሬተር የሚባለው አንባቢ መናገር ይጀምራል። ዊንዶውስና የመደመር ምልክት አብረው ሲጫኑ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ጽሑፉ ይጎላል። ሺፍት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲነካ ደግሞ፣ በአንድ እጁ ብቻ ለሚሠራ ሰው ቁልፎቹን በየተራ እንዲጫን የሚፈቅድ ማስተካከያ ይቀርባል። እነዚህ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ ብዙዎቻችን ግን መኖራቸውን ሳናውቅ እንኖራለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በየቁምስናችን ማንበብ ያቃተው ልጅ ሲያጋጥመን ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት የሰጠነውን ገጽ እንመርምር። ኮምፒውተር ካለ ማስተካከያዎቹን እናሳየው፤ ከሌለም ስሌትና ስታይለስ የሚገኝበትን መንገድ እንፈልግለት። ሁለቱም እስኪገኙ ድረስ፣ አባ ፓልዊ ለኩቭሬው ልጅ እንዳደረጉለት፣ ከእኩዮቹ ጎን አስቀምጠን እናስተምረው።