ሁለት ጊዜ የነገሠች፣ ሁለት ጊዜ የተሰደደች፦ ንግሥት ኤማ

በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የኖረችውን ንግሥት ኤማን ነው። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ታሪክ ሳነብ ቀድሜ የምጠይቀው ገንዘቡ በማን እጅ ነበር ብዬ ነው። የኤማንም ሕይወት የተከታተልኩት በዚሁ በኩል ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ኤማ የኖርማንዲ ገዢ የነበረው የቀዳማዊ ሪቻርድ ልጅ ናት። ኖርማንዲ በዛሬዋ ፈረንሳይ ሰሜን፣ ከእንግሊዝ ባሕር ማዶ ያለ ግዛት ነው። በ1002 ወንድሟ ዳግማዊ ሪቻርድ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤተልሬድ ዳራት። የዴንማርክ ወራሪዎች እንግሊዝን ዘርፈው በኖርማንዲ ወደቦች ይጠጉ ስለነበር ንጉሡ በጋብቻው ያንን በር መዝጋት ፈልጎ ነበር። ሙሽራዋ እንግሊዝ ስትገባ ስሟ ሳይቀር ተለውጦ ኤልፍጊፉ የሚባል የአገሬው ስም ተሰጣት። ኤተልሬድ ከፊተኛዋ ሚስቱ የወለዳቸው ወንዶች ልጆች ስለነበሩት፣ ገና ከመግባቷ የእንጀራ እናት ሆነች። እሷም ኤድዋርድን፣ አልፍሬድንና ጎድጊፉ የተባለች ሴት ልጅ ወለደችለት።

ኤተልሬድ ወራሪዎቹን በገንዘብ ለመመለስ የሚሞክር ንጉሥ ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደመዘገበው፣ ኤማን ባገባበት ዓመት ብቻ 24,000 ፓውንድ ከፍሏል። የተቀበሉት ሰዎች ግን ተመልሰው ይመጡ ነበር፤ ዋጋውም በመጡ ቁጥር ይጨምራል። በ1013 የዴንማርኩ ንጉሥ ስዌይን አገሩን ጠቅልሎ ያዘና ኤማ ከልጆቿ ጋር ወደ ወንድሟ አገር ተሰደደች። ስዌይን በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ኤተልሬድም ተመልሶ ነገሠ፤ ነገር ግን በ1016 እሱም አረፈ። ከፊተኛዋ ሚስቱ የተወለደው ኤድመንድ ከስዌይን ልጅ ከክኑት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፤ አገሩን ለሁለት ተካፈሉ፤ ኤድመንድ በዚያው ዓመት በኅዳር ሲሞት ሁሉም ለክኑት ሆነ።

በ1017 ኤማ ክኑትን አገባች። የባሏን ዙፋን የወሰደውን ሰው ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቆየሁ። ክኑት የፈለገው ግልጽ ነው፤ ኖርማንዲ ባሕር ማዶ ሆና የኤተልሬድን ልጆች እንዳትረዳ። ኤማስ? ኋላ እሷው ያጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ ከመጋባታቸው በፊት ከእሷ ከሚወለድ ልጅ በቀር ማንም እንዳይወርስ ክኑትን በመሐላ እንዳስገባችው ይተርካል። ክኑት በኖርዝሃምፕተን ሌላ ሚስት ነበረችው፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወልዳለታለች። ጣውንቲቱ የኤማ ሞክሼ ናት፤ እሷም ኤልፍጊፉ። መሐላው የጣውንቷን ልጆች ከውርስ ለማስወጣት የታሰበ ነው። ነገር ግን በዚያው መሐላ የኤማ የራሷ ልጆች፣ ኤድዋርድና አልፍሬድም ወጡ። እነሱ በኖርማንዲ በዘመድ ቤት አደጉ፤ ኤድዋርድ ለመመለስ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀበት።

ከክኑት ሃርታክኑት የሚባል ወንድ ልጅና ጉንሂልድ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። በዚህ ዘመን ኤማ በእርግጥ ንግሥት ነበረች። ስሟ በንጉሡ ሰነዶች ላይ ከምስክሮቹ መካከል ይገኛል፤ በ1031 አካባቢ በተዘጋጀ የዊንቸስተር ገዳም መጽሐፍም ከባሏ ጋር በአንድ ትልቅ መስቀል ግራና ቀኝ ቆማ ተሥላለች።

ክኑት በኅዳር 1035 ሲሞት ነገሩ ሁሉ ተናጋ። ወራሹ ሃርታክኑት ዴንማርክ ነበር፤ ከኖርዌይ በኩል ያሰጋው ስለነበር አገሩን ትቶ መምጣት አልቻለም። የጣውንቷ ልጅ ሃሮልድ ግን እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነበር። መኳንንቱ በኦክስፎርድ ተሰብስበው ተከፋፈሉ፤ ሊዮፍሪክና የሰሜኑ ሰዎች ለሃሮልድ፣ ኃያሉ ጎድዊን ደግሞ ለኤማ ወገኑ። በመጨረሻ ኤማ በዊንቸስተር ከክኑት ወታደሮች ጋር ተቀምጣ ደቡቡን ለልጇ እንድትጠብቅ ተስማሙ። ዊንቸስተር የንጉሡ ግምጃ ቤት ያለበት ከተማ ነው። ወታደር ደሞዝ ይፈልጋል፤ መኳንንትም ስጦታ ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ያንን ሣጥን የያዘ ሰው የመንግሥቱን ግማሽ ይዟል ማለት ነው። ይህን ሃሮልድም አላጣውም። ሰዎቹን ልኮ ከሀብቱ ምርጥ ምርጡን አስወሰደባት። ከዚያ በኋላ የደጋፊዎቿ ቁጥር እየመነመነ ሄደ።

በ1036 አልፍሬድ ከኖርማንዲ ተሻገረ። በኤማ ስም ደብዳቤ ደርሶት እንደመጣ፣ ደብዳቤውንም የጻፈው ሃሮልድ አስመስሎ እንደሆነ የእሷ መጽሐፍ ይናገራል። ጊልድፎርድ ላይ ጎድዊን ያዘው፤ በዚያን ጊዜ ጎድዊን ወደ ሃሮልድ ዞሮ ነበር። የልጁን ዓይን አጠፉ፤ ኢሊ በሚባል ገዳምም ሞተ። ደብዳቤው የሐሰት ይሁን የእውነት፣ ልጇ እናቴ ጠራችኝ ብሎ መጥቶ መሞቱ አይለወጥም። በሚቀጥለው ዓመት ሃሮልድ በአገሩ ሁሉ ነገሠና ኤማን በክረምት አባረራት። ፍላንደርስ ውስጥ ባለችው በብሩዥ ከተማ መስፍኑ ባልድዊን አስጠለላት።

ሃሮልድ በ1040 ሞተ። ሃርታክኑት ስልሳ ያህል መርከቦች አስከትሎ ከእናቱ ጋር ተመለሰ፤ የሃሮልድንም ሬሳ ከመቃብር አስወጥቶ ረግረግ ውስጥ አስጣለው። ለመርከበኞቹ የሚከፈል ከባድ ግብር ስለጣለ የዉስተር ሰዎች ሁለት ግብር ሰብሳቢዎች ገደሉ፤ እሱም ከተማቸውን አቃጠለ። በ1041 ኤድዋርድን ከኖርማንዲ አስጠራው። ኤማ የሕይወት ታሪኳን ለአንድ የፍላንደርስ መነኩሴ ያጻፈችው በዚያን ሰሞን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የኤተልሬድ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። አሥራ አራት ዓመት አብራው የኖረች፣ ሦስት ልጆች የወለደችለት ባል! ከመዝገብ ላይ አንድ ገጽ ተቀዶ ሳገኝ የሚሰማኝ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ።

ሃርታክኑት በሰኔ 1042 በሠርግ ድግስ ላይ ጽዋ እንደያዘ ወድቆ ሞተ። ኤድዋርድ ነገሠ። በተቀባበት ዓመት በኅዳር 1043፣ ጎድዊንን፣ ሊዮፍሪክንና ሲዋርድን አስከትሎ ከግሎስተር ዊንቸስተር ድረስ ጋልቦ የእናቱን ወርቅና ብር ሁሉ ወሰደባት። ዜና መዋዕሉ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ከመንገሡ በፊትም በኋላም ጨክናበት ነበር ይላል። እዚህ ላይ ለማን እንደማዝን አላውቅም። ኤማ ያን ሣጥን ስትጠብቅ የኖረችው ባል ሲሞት ሴት የሚቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ልጁ ደግሞ ያ ሣጥን ስንት ዓመት በባዕድ አገር እንዳቆየው ያውቃል። መኖሪያ የሚሆናትን ትቶላት በከተማው እንድትቀመጥ አዘዘ።

ኤማ በመጋቢት 1052 ዊንቸስተር ውስጥ ሞታ በክኑት ጎን ተቀበረች። ኤድዋርድ በ1066 ያለ ልጅ ሲሞት፣ የወንድሟ የልጅ ልጅ የኖርማንዲው ዊልያም በእሷ በኩል ያለውን ዝምድናም ጠቅሶ ዙፋኑን ጠየቀ፤ አገሩንም ያዘ። ዐፅሟ ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር በዊንቸስተር ካቴድራል በእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ተቀላቅሎ ኖሯል። በ2019 ተመራማሪዎች ከዚያ መካከል የአንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ዐፅም ለይተው የኤማ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግረዋል።